የባሪ ቀበቶና የእኔ ክሊፖች

ራሴን ሳላመሰግን የጀመርኩት ወሬ ጣፍጦልኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ከዚያው ልነሳ። ስሜ ዘርጋው ነው። ትምህርት ቤት ያየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ለራሴ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። መርካቶ ራዲዮ ጠግኛለሁ። የልብስ ስፌት መኪና ሲመጣልኝ ክዳኑን ሳልከፍት፣ ድምፁን ብቻ ሰምቼ የትኛው ጥርስ እንደተበላ እናገር ነበር። እንግሊዝኛም ማንም አላስተማረኝም፤ ከራዲዮ ለቀምኩት። ሜልበርን ከመጣሁ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ፣ ማሽን ሲታመም ጆሮዬን አስደግፌ “ኩሽኔታው ነው” እላለሁ። ሲፈታ ኩሽኔታው ሆኖ ይገኛል።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለጉራ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ጆሮዬ ለእኔ ምን እንደነበረ ካላወቃችሁ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የደረሰብኝ አይገባችሁም።

ባሪ የፋብሪካው ፎርማን ነበር። አውስትራሊያዊ ነው፤ እጁ እንደ አካፋ ሰፊ፣ ልቡም እንደ እጁ። ጡረታ ስንወጣ “ና፣ ቤት ተቀምጠህ ከሚስትህ ጋር ከምትጨቃጨቅ” ብሎ የዒላማ ተኩስ ክበቡ ውስጥ አስገባኝ። ሽጉጥ ሲባል ሌላ ነገር አታስቡ። ጡረተኛው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ነርሷ በቅዳሜና እሁድ ተሰብስበው የብረት ሰሌዳ የሚመቱበት፣ ሕግና ፈቃድ ያለው ቦታ ነው። እኔ ራሴ መካከለኛ ተኳሽ ነኝ። (ይህን ብዙ ጊዜ አልናገረውም።) ክበቡ ውስጥ የነገሥኩት በተኩስ ሳይሆን በቀለህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሪ የሚወዳደርበት ሪቮልቨር፣ ማለትም የሚዞር የጥይት ጎማ ያለው ሽጉጥ፣ ስምንት ጥይት ይጎርሳል። የሚጎርሰው ጥይት ግን ከግርጌው ወጣ ያለ ከንፈር ስለሌለው፣ ስምንቱ በአንድ ስስ የብረት ቀለበት ላይ ተሰክተው በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ቀለበቱ ሙሉ ጨረቃ ስለሚመስል ፈረንጆቹ ሙን ክሊፕ ይሉታል። ክሊፑ ጥይቶቹን የሚይዘው ከቀለሁ ግርጌ ዙሪያውን በተቆፈረች ቀጭን መስመር ነው። ጣጣው ታዲያ ያቺን መስመር አንዱ ፋብሪካ ጠለቅ፣ ሌላው ጠበብ አድርጎ የሚቆፍራት መሆኑ ነው። ቀለሁ ለክሊፑ ከጠበበ ብረቱ ይጎብጣል፤ የሽጉጡ ጎማም አልዞር ይላል። ከላላ ደግሞ ጥይቶቹ እንደ ሰካራም ወዲህና ወዲያ ይወላገዳሉ፤ ተኳሹ ተጣድፎ ሊያጎርስ ሲል ስምንት አፍንጫ ስምንት ቀዳዳ ፍለጋ ይገባል።

ከሜዳው የሚለቀመው ባዶ ቀለህ የየፋብሪካው ድብልቅ ነው። ታጥቦ፣ ባሩድና አረር ተሞልቶ እንደገና ጥይት ከመሆኑ በፊት ለየትኛው ክሊፕ እንደሚስማማ፣ የቀለህ ክፍል በምንላት የክበቡ ጓዳ መለየት አለበት። ሌላው ሰው ግርጌው ላይ የተቀረጸውን ፊደል በማጉያ መነጽር እያነበበ ይለያል። የእኔ ዘዴ ሌላ ነበር። ስምንቱን እሰካለሁ፤ ክሊፑን ጆሮዬ ሥር አስጠግቼ ዓይኔን እጨፍንና አንዴ ነቅነቅ አደርገዋለሁ። የላላው ይንኳኳል፤ ልኩ ዝም ይላል። “ፊደል የሚያነበው ጆሮ የሌለው ነው” እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። ባሪም “ፕሮፌሰር” ብሎ ስም አወጣልኝ። ለዓመታት የባሪ ቀበቶ ላይ ከእኔ ክሊፕ ሌላ ተሰቅሎ አያውቅም።

ከዚያ ትዕግሥት መጣች።

ታርኔት የሚባል የሜልበርን ሰፈር የምትኖር የእኛው አገር ልጅ ናት፤ ጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ጴንጤ ናት። ስትስትም ስትመታም “ጌታ ይባረክ” ትላለች። “ምን አመጣሽ እዚህ?” ብዬ ብጠይቃት፣ “ጋሼ፣ ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ነው የምውለው፤ እዚህ ቀና ብዬ እቆማለሁ” አለችኝ። መልሷ ደስ ብሎኝ ነበር። የአገሬ ልጅ በመምጣቷም ኮራሁ፤ ለፈረንጆቹ “ልጄ ናት” አልኳቸው።

ኩራቴ የቆየው የቀለሁን ክፍል በር እስክትከፍት ድረስ ነው።

ጣቶቿን ብታዩ! ክሊፕ ሲጎብጥ አንስታ በብርሃን ታየውና በትንሽ መቆንጠጫ ቀጥ ታደርገዋለች። የፋብሪካዎቹን ፊደል ለይታ ቀለሁን በየቆርቆሮው ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ስገባ ባሪ አጠገቧ ተቀምጧል። ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ባሪ ፈገግ አለና “ፕሮፌሰር፣ ከዶክተሯ ጋር እያወራን ነበር” አለኝ።

ዶክተር! እኔ ስሜን በዓመታት ነው ያገኘሁት፤ እሷ በጥቂት ቅዳሜ። በእርግጥ ፕሮፌሰር ከዶክተር ይበልጣል። ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ሄድኩ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔ ከሁለቱ ከንፈር ላይ አልተነሳም። ባሪ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እሷ ትስቃለች፤ እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትናገራለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ከምን እንደሚስቁ አላውቅም። አስኮት ቬል ሰፈር ካለው ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ለአሰለፈች “ያቺ ጥርስ ሠሪ ወዳጄን ልትነጥቀኝ ነው” ስላት፣ “መጀመሪያ ያንን ቴሌቪዥን ቀንስ! ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበ ነው” አለችኝ። “ጎረቤቱ ቀናተኛ ነው” አልኳት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባሪ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀለሁ ክፍል ውስጥ እኔና ትዕግሥት ባለንበት ቆመና ተናገረ።

“የነገው ውድድር የመጨረሻዬ ነው። ከዚያ የሽጉጥ ፈቃዴን እመልሳለሁ። እጄ እንቢ ብሏል። እንደ ወጣት ማሸነፉ ቀርቶብኛል፤ ሳልደናቀፍ መጨረስ ብቻ ነው የምፈልገው።”

የያዝኩትን ክሊፕ አስቀመጥኩ። ከዚያ የባሰውን ጨመረ።

“ስምንት ክሊፕ እፈልጋለሁ። አራቱን ፕሮፌሰሩ፣ አራቱን ዶክተሯ።”

አራት ለአራት! ወዳጄ ወገቡ ላይ እኩል አካፈለን። ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ ትዕግሥት ግን አይታኝ አንገቷን ደፋች።

ያን ቀን ትይዩ ተቀምጠን ስንሠራ ዋልን። እሷ ፊደል ታነባለች፣ ትሰካለች፣ ትፈትናለች። እኔ እሰካለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ነቅነቅ አደርጋለሁ፤ ዝም። ሌላውም ዝም። እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሁሉም ልክ ሆኖልኝ አያውቅም። አንድ ቀለህ እንኳ የሚጣል አልነበረም። “እጄ ተባርኳል” አልኩ በልቤ። አራቱን ጨርሼ፣ ማን ከለከለኝ ብዬ ሌላ አራት ጨመርኩ።

ክሊፖቼን ደርድሬ ሻይ ልቀዳ ስነሳ፣ ትዕግሥት አንዱን አነሳች። ነቀነቀችው። ሌላውን አነሳች። ከዚያ እኛ ታላቅ ሰው ስናናግር እንደምናደርገው ጎንበስ ብላ፣ እጇን አፏ ላይ ጣል አድርጋ የሆነ ነገር ተናገረች። ብስኩት የሚበሉ ሁለት ፈረንጆች በሩ ላይ ነበሩ።

“እሺ፣ እሺ” አልኳት።

ትንሽ ቆይታ አሁንም ጎንበስ ብላ ተናገረች። የእኔ በመብለጡ ይቅርታ የምትጠይቅ መሰለኝ። ሽማግሌ በአክብሮት ሲናገሩት ማድመጥ ያውቅበታል፤ ራሴን ነቅንቄ “እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል” አልኳት። ዕቃዋን ሰብስባ ልትወጣ ስትልም በሩ ላይ መለስ ብላ፣ ያው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረች። “እሺ አልኩሽ እኮ! በሰላም ግቢ” ብዬ አሰናበትኳት።

እሷ ስትወጣ ባሪን ለብቻው ያዝኩት።

“ባሪ፣ ስንት ዓመት የእኔን ክሊፕ ታጥቀሃል?”

“ፕሮፌሰር፣ አትጀምረኝ።”

“የሁለት ሰው እጅ አይደባለቅም። በመጨረሻው ቀን አዲስ ነገር ይሞከራል እንዴ? ስምንቱም ይኸው፤ ሠርቼልሃለሁ።”

ሊናገር አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “እሺ፣ ማይት፣ ወዳጄ። ያንተ ይሁን” አለ።

ያን ማታ በደስታ ራት በላሁ። ቴሌቪዥኑንም ቀነስኩላት።

እሑድ ፀሐይ ነበር። ባሪ የድሮ ኮፍያውን አድርጎ መጣ፤ ቀበቶው ላይ ስምንቱ ክሊፖቼ በሰልፍ ተሰቅለዋል። ትዕግሥት ቀበቶውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። የራሷን አራት በኪስ ቦርሳዋ ይዛ ነበር። አንባቢዎቼ፣ አልዋሻችሁም፤ ያ አስተያየቷ ከማር ይጣፍጥ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች በሰላም አለፉ። ባሪ ቀስ እያለ፣ እየተጠነቀቀ፣ አንድ ሰሌዳ ሳይስት ጨረሰ። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ነጥቡ ከወጣቶቹ መካከል ነበር። ክበቡ በሙሉ ሥራውን ትቶ ከኋላ ቆመ። ሁላችንም የጆሮ መከላከያችንን አጠለቅን። ዳኛው ጢጥ ብሎ ተኩስ የሚያስጀምረውን የሰዓት መሣሪያ አነሳ።

ባሪ ስምንት መታ። ባዶውን አራገፈ፣ አዲስ ክሊፕ ከወገቡ መዘዘ፣ ወደ ሽጉጡ አመጣ፤ አልገባም። ገፋው። አልገባም። ጥይቶቹ ተወላግደው አንደኛው አፍንጫ የቀዳዳውን ጠርዝ ነክሷል። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ክሊፕ ጥሎ ሌላ መዘዘ። እሱም ተወላገደ። አሁን ሁለቱም እጆቹ ይርገፈገፋሉ፤ ከጀርባው እንኳ ይታያል። ሦስተኛው ገባለት። የቀሩትን ሰሌዳዎች አንድ በአንድ ጣላቸው። ሲጨርስ ግን የፈጀው ሰዓት ከሁሉም ሰው የረዘመ ሆኖ ነበር። የሽጉጡን ባዶነት ለዳኛው አሳይቶ ከተተው። ኮፍያውንና የጆሮ መከላከያውን አውልቆ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። ወደ እኔ አልዞረም። ሄዶ ጥግ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

ቅናት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ሰው የሚፈልገውን ተጠያቂ ወዲያው ያቀብለዋል። መከላከያዬን ወደ አንገቴ አውርጄ፣ የወደቁትን ሁለት ክሊፖች አንስቼ፣ ቀጥታ ወደ ትዕግሥት ሄድኩ።

“ክሊፖቼን ነክተሻል!” አልኳት በአማርኛ። “ትናንት ስታነሺያቸው አይቼሻለሁ! ቀለሁን ለውጠሽብኛል!”

ፊቷ ተለዋወጠ። ዙሪያውን አየች፤ ፈረንጆቹ ዞረዋል። ጎንበስ አለች፤ እጇ አሁንም ወደ አፏ ሄደ፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

“ምን ታንሾካሹኪያለሽ? ከባሪም ጋር እንዲሁ ስታንሾካሹኪ ነው የከረምሽው! የምትደብቂው ከሌለሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪ!”

ያቺ ዝምተኛ ልጅ ቀና አለች። ከዚያ ድምፅ ወጣት፤ ከዚያች ደረት ይወጣል ብዬ ያላሰብኩት ድምፅ።

“ነገርኩዎት! ጋሼ፣ ትናንት ሦስት ጊዜ ነገርኩዎት! ‘እነዚህ ይንኳኳሉ፣ ቀለሁ ለክሊፑ ላልቷል’ አልኩዎት! እሺ አሉኝ! ገብቶኛል አሉኝ! ሰው ፊት ላሳፍርዎት አልፈለግሁም!”

“ውሸት! አይንኳኳም!”

“አይንኳኳም?” ክሊፑን ከእጄ ነጠቀችና ጆሮዬ ሥር አምጥታ ነቀነቀችው።

ዝም።

“ይኸው!” አልኩ በድል። “ምንም የለውም!”

ትዕግሥት ግን በድንጋጤ ታየኝ ነበር። ዘወር ስል፣ አግዳሚው ላይ ራሱን ይዞ የተቀመጠው ባሪ ቀና ብሏል። የክሊፑን ድምፅ ከዚያ ማዶ ሆኖ ሰምቶት ነው። በመካከላችን ያሉት ሰዎችም ክሊፑን ያያሉ። እንደገና ነቀነቀችው። አሁን በዓይኔ አየሁት። ስምንቱ ጥይቶች ቀለበታቸው ላይ እንደ ላላ ጥርስ ወዲህና ወዲያ ይጋጫሉ፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ አየሁ፤ ድምፅ ግን የለም።

መከላከያው ጆሮዬ ላይ ስላለ ነው ብዬ ላወልቀው እጄን ሰደድኩ። አንገቴ ላይ ነበር።

እጄ ባዶ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ቆምኩ። የእሷንም ክሊፕ ከቦርሳዋ አወጣችና ነቀነቀችልኝ። ያም ዝም። የላላውም የጠበቀውም አንድ ዓይነት ዝም። ቅዳሜ ዕለት “እጄ ተባርኳል” ያስባለኝ ያ ሁሉ ዝምታ ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

ባሪ ተነስቶ መጣ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ፣ “ፕሮፌሰር፣ የዳኛው የሰዓት ድምፅ አይሰማህም፤ ሁልጊዜ ዘግይተህ ነው የምትተኩሰው” አለኝ።

“እኔ እኮ ረጋ ያልኩ ተኳሽ ስለሆንኩ ነው” አልኩት።

“አውቃለሁ። እንደዚያ ስትል ነው የኖርከው።”

ሁልጊዜ ወደ ቤት የሚመልሰኝ ባሪ ነበር። ያን ቀን መኪና መንዳት የሚችል እጅ አልነበረውም፤ ልጁ መጥታ ወሰደችው። እኔን ትዕግሥት ይዛኝ ሄደች። የመኪናውን ራዲዮ አጠፋች፤ መስኮቱን ዘጋች። መንገዱን ሁሉ እየጮኸች ነበር የምታወራኝ፤ ላያት ሰው ተጣልተን ይመስል ነበር።

“ከባሪ ጋር ምን ስታወሩ ነበር የከረማችሁት?” አልኳት።

“ስለ እርስዎ ጆሮ! እንዴት እንንገረው እያለ! እኔ ደግሞ ‘በእኛ አገር ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም’ አልኩት። የሠሯቸውን ክሊፖች ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ እንድፈትሽለት ለመነኝ። አራት ለአራት ያለው ለዚያ ነበር።”

“ታዲያ ስምንቱንም ስሰጠው ለምን ተቀበለኝ?”

ማርሽ ቀየረች። “ሊያሳዝንዎት አልፈለገማ!” ብላ ጮኸች።

የትራፊክ መብራት ላይ ቆምን። ወዳጄ የመጨረሻ ቀኑን ለእኔ ሲል መጣሉን በጩኸት ሲነግሩት ሰው ምን ይላል? “አረንጓዴው በርቷል፣ ሂጂ” አልኳት።

በሳምንቱ የጆሮ ምርመራ ቡክ ያደረገችልኝ እሷ ናት። የጆሮ መሣሪያ ገጠሙልኝ። ቤት ስገባ የመጀመሪያ የሰማሁት አሰለፈች ወጥ ቤት ሆና ስትሰድበኝ ነው። ለካ ለዓመታት በቁሜ ስትሰድበኝ ኖራለች! “ሰማሁሽ!” ብዬ ስጮህ የያዘችው ጭልፋ ከእጇ ወደቀ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ለወጣቶች ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ታላቅ ሰው ስታናግሩ አንገት መድፋቱ ይሁን፤ እጃችሁን ግን ከአፋችሁ ላይ አንሱ። ድምፅ ማሳነስ አክብሮት የሚሆነው ለሚሰማ ሰው ነው። ለእኔ ቢጤ ግን በር መዝጋት ነው፤ ከተዘጋ በር ውጭ የቆመ ሰው ደግሞ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ስለ እሱ ይመስለዋል። እናንተ ሽማግሌዎችም ያልሰማችሁትን “እሺ” አትበሉ። እኔ ሦስት እሺ ብዬ የወዳጄን የመጨረሻ ቀን በልቻለሁ።

ባሪ ፈቃዱን ከመመለሱ በፊት አንድ ተራ ቅዳሜ፣ ውድድር ሳይኖር፣ ዳኛም ሳይኖር፣ ስምንት ክሊፕ ይዞ ሊተኩስ መጣ። አራት የእኔ፣ አራት የእሷ። ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ሳሉ አንድ በአንድ አንስቼ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኳቸው። የእኔዎቹ ልክ ናቸው፤ ይህን መናገር አያስፈልገኝም። ከእሷ ሦስተኛውን ሳነሳ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። እንደገና ነቀነቅኩት። ይንኳኳል።

እዚያው፣ ፈረንጆቹ ሁሉ ባሉበት፣ እጄን አፌ ላይ ሳላደርግ ጮክ ብዬ፣ “ዶክተር! ይኸኛው ላልቷል!” አልኳት።

መጥታ ነቀነቀችው። አዳመጠች። “እውነትዎን ነው፣ ጋሼ! ጌታ ይባረክ!” ብላ ጮኸችና ሳቀች። ባሪም ሳቀ። ቀለሁን ለወጥንለት፤ ስምንቱንም ክሊፕ ያለ አንዲት መደናቀፍ አጎረሰ።

ከዚያ ባሪ ቀበቶውን ፈትቶ ለሁለታችንም ዘረጋልን። ማን እንደሚይዘው አልተናገረም። አሁን የቀለሁ ክፍል ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ከእኔ በፊት ስትደርስ ትታጠቀዋለች። ያን ቀን ክሊፖቿን ሁሉ ደግሜ እነቀንቃለሁ። አዎ፣ ዛሬም እቀናባታለሁ፤ ልዩነቱ ቢያንስ አሁን የምቀናበትን እሰማለሁ።